የተለቀመው ማሾ

ኑርሃን ነገሩን ያየችው እዚያው ሳለች ነበር፤ ልብ ያለችው ግን ቤቷ ደርሳ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ራቢዓ ጠጠሩን ለቅመው የጨረሱትን ማሾ ካልተለቀመው ጋር መልሰው አንድ ጆንያ ውስጥ ገልብጠውት ነበር። ከዚያ በእጃቸው አማስለው፣ አንድ ሰፌድ ሙሉ ዘግነው፣ እንደገና መልቀም ጀመሩ።

«መጠይቁን አምጪው እስኪ» አለ ወንድሟ ሙሀሲን እጁን ዘርግቶ።

ሙሀሲን ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ይማራል። የመመረቂያ ጥናቱ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች ነው፤ ሕይወታቸው ትርጉም እንዳላት ይሰማቸው እንደሆነ፣ ያ ስሜት ከጤናቸውና ከእንቅልፋቸው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይጠይቃል። ወንዶቹን ራሱ መስጊድ ደጃፍ እየጠበቀ ጠይቋቸዋል። ጎረምሳ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ቤት ገብቶ ቢቀመጥ ግን ሰፈሩ ዝም አይልም። ስለዚህ ሴቶቹ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ እህቱ ደረሱ።

መጠይቁን ገለጥ አደረገና ፊቱ ፈካ። «እትዬ ራቢዓ ሁሉም ላይ ሰባት! ከፍተኛው እኮ ነው። ‹ሕይወቴ ዓላማ አላት›፣ ሰባት። ‹ጠዋት የምነሳበት ምክንያት አለኝ›፣ ሰባት። ማሻአላህ!»

«እሳቸው አይደሉም ሰባት ያሉት።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። እሳቸው ሁሉንም ‹አልሐምዱሊላህ› ነው ያሉት። እሳቸው አልሐምዱሊላህ ሲሉ እኔ ሰባት ላይ አከበብኩ።»

«አንቺ ደግሞ! ሰው እግሩ ተሰብሮም እኮ አልሐምዱሊላህ ይላል።»

«አውቃለሁ። አሁን ነው የገባኝ።» ስለ ማሾው ነገረችው።

«ረስተው ይሆናል። ዕድሜ ነው።»

«አልረሱም። እያዩት ነው የደባለቁት።»

ሙሀሲን ወረቀቱን ትንሽ አየውና ከሌሎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ሊከተው ጀመረ። «ነገ በሌሊት መንገደኛ ነኝ ኑርሃን። አንድ ሰው ናቸው፤ ውጤቱን አይቀይሩትም፤ ተዪው በቃ።»

«አንድ ሰው ናቸው» ያለው ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው።

ግቢው ውስጥ እናቷ ፋዲላ በስልክ መብራት ጆንያ ላይ አጎንብሳለች። ማሾ ነጋዴ ናት። ዛሬ ማታ ጠጠሩን የመልቀም ተራው የኑርሃን ነበር፤ ነገ ደግሞ የባዮሎጂ ፈተና አለባት።

«ይሄ ጠጠር ገዢው ፊት ሊያዋርደኝ ነው» አለች ፋዲላ። «ይመልሰዋል። ከመለሰው ቤት ይከርማል፤ ከከረመ ይነቅዛል። አየሁት እኮ፣ ሲነቅዝ።»

«ገዢው ከነገ ወዲያ አይደል የሚመጣው? እትዬ ራቢዓ ጋ ልውሰደው?»

«በዚህ ጨለማ? ባጃጅ ገጭቶሽ ልትቀሪ?»

«እማ፣ መግሪብ ገና አሁን መሰገዱ ነው። ደግሞ ሦስተኛው በር ነው።»

«ሦስተኛው በር ጋ ሰው አይገጭም?»

ግን ነጠላዋን ደርባ ተነሳች። ጆንያውን በሁለት ጫፍ ይዘው ወጡ። ቀኑን የዋለው ሙቀት ገና ከግድግዳው አልለቀቀም። ባጃጅ በሩቅ በጮኸ ቁጥር ፋዲላ ልጇን ወደ ግድግዳው ትገፋታለች።

የእትዬ ራቢዓ በር ገርበብ ብሏል። «ግቡ፣ ክፍት ነው!» አሉ ማንነታቸውን እንኳ ሳይጠይቁ።

«በር ሳይቆልፉ ነው እንዴ የሚያመሹት እትዬ? ሌባ ቢገባስ?»

«ምን ሊወስድ ፋዲላ? እኔን? ወላሂ ከወሰደኝማ ሰው አገኘሁ።»

ፋዲላ ሳታስበው ሳቀች። አጣዬ ያለው ቤቱ በተቃጠለበት ጊዜ የእትዬ ራቢዓ ልጅ ሱሌይማን ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ እዚህ ተጠግቶ ነበር። ያኔ በዚህ በር መግቢያ ላይ የጫማው ብዛት ያደናቅፍ ነበር። ዘንድሮ ቤታቸውን ሠርተው ተመለሱ። ሰፈሩ ሁሉ እሰይ አለ፤ እትዬ ራቢዓም እሰይ አሉ። አሁን በሩ ሥር ያለው አንድ ጥንድ ሸበጥ ነው።

ኑርሃን ወረቀቱን አወጣች። «እትዬ፣ ቀን የነገሩኝን በትክክል አልጻፍኩትም። አንዱን ልድገምልዎት? ጠዋት የሚነሱበት ምክንያት አለዎት?»

«አልሐም...»

«ማሾውን ሲደባልቁት አይቻለሁ» አለች ኑርሃን ቀስ ብላ።

እትዬ ራቢዓ ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ። «ካለቀማ ምን ልሠራ ነው?» አሉ። «ምን አለ ሱሌይማንና ልጆቹ እኔው ጋ ቢቀሩ ብዬ አላውቅም። ቤታቸው ነው፣ ይግቡ። ግን ጠዋት ስነቃ የሚቀሰቀስ ልጅ የለም፤ ቁርስ ቢዘገይ የሚቆጣ የለም።» ቀና አሉ። «አላህን አላማርርም፣ ጤና ሰጥቶኛል። ምስጋናው የእሱ ነው። ጥያቄሽ ግን ስለ እኔ ነው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጠዋት ሁለት በዪኝ። ተማሪ ሲለቀቅ በዚህ በኩል እየተንጫጫ ያልፋል፤ ያን ሰዓት አራት።»

«ሁለት መልስ አይቻልም እትዬ።»

«ታዲያ ወንድምሽ የሚያጠናው ሰው አይደለማ!»

ኑርሃን ሳቀች። ሰባቱን በላጲስ አጥፍታ ሁለት ላይ አከበበች፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ተማሪ ሲለቀቅ አራት» ብላ ጻፈች። ሙሀሲን ምን እንደሚል አታውቅም። ይበል።

እትዬ ራቢዓ እጃቸውን የፋዲላ ጆንያ ውስጥ ሰደዱ፤ አወጡና በመብራቱ አዩት። «ፋዲላ! ይሄ ማሾ ነው ጠጠር? ማን ነው እንዲህ ያታለለሽ?»

«ይኸው፣ እኔም የፈራሁት ይሄንኑ ነው!»

«እማ፣ እዚህ ይደር» አለች ኑርሃን።

ፋዲላ ጆንያውን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ አይጥ የሚገባበት ቀዳዳ ፈለገች። አላገኘችም። «አደራዎን እንግዲህ እትዬ። ያለኝ ይሄው ነው።»

«ነገ ጠዋት ነው የምጀምረው። አንቺ ልጅ፣ ሂጂና ፈተናሽን አጥኚ።»

«ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን እዚህ ነው የማጠናው» አለች ኑርሃን። ማንንም አላስፈቀደችም።

«እንዳትዘገዪ ታዲያ» አሉ እትዬ ራቢዓ፣ ቁጣ ቢጤ ድምፃቸው ውስጥ ገብቶ።

ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ከኋላቸው በሩ ተገጠመ። መቀርቀሪያው ዝጓል፤ መጀመሪያ እምቢ አለ።

«የሰው አደራ ይዤማ ከፍቼ አላድርም!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

ፋዲላ ቆመች። ኑርሃንም ቆመች። ብረቱ ሲፋቅ፣ ሲታገል ቆየና ቀጭ ብሎ ገባ።