ዝናቤና የጋሽ በዳሳ «በቃኝ»

ዝናቤ እንግዳ ሊገባ ሲል ትቁነጠነጣለች። ቧንቧዎቿን ታሟሙቃለች፣ ጉሮሮዋን የምትጠርግ ይመስል ከጣሪያው ቀዳዳዎች ሁለት ሦስት ጠብታ ትጥላለች፣ ከዚያ «ዛሬ ማንን ነው የማጥበው?» ብላ ትጠይቃለች። በሻላ ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው የሕክምና ማዕከል ውስጥ በዚህ የሚደነቅ ሰው አልነበረም። መታጠቢያ ቤት ማውራት ከጀመረ ቆይቷል። የዝናቤ ልዩነት የሚታጠበውን ሰው ቆዳ ማንበቧ ነው።

«ጋሽ በዳሳን» አለቻት ምንታምር ፎጣ እያጣጠፈች። «በሁለት ሰዓት በር ከፋቹን ይወስዳሉ።»

በር ከፋች የሚባለው በማዕከሉ ቤተ ሙከራ ከሚበቅል እንጉዳይ የሚቀመም ጠብታ ነው። ምላስ ላይ ሲያደርጉት አእምሮ የቆለፈውን ሁሉ ለስድስት ሰዓት ያህል ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። አብዛኛው ሰው ከዚያ ጉዞ ቀሎት ይመለሳል፤ አንዳንዱን ግን መንገድ ላይ ፍርሃት ይይዘዋል። ያን ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያረጋጋው ሰው ያስፈልጋል። ሥራው አጃቢነት ይባላል፤ ምንታምር ሰባት ዓመት ሠርታበታለች።

አጃቢዎች ሲጨንቃቸው ታማሚውን ሻወር ውስጥ የማስገባት የቆየ ልማድ ነበራቸው። ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ግን ተስማምተው አያውቁም። አንዱ ውሃ ሲነካው ጡት እንደጠባ ሕፃን ጸጥ ይላል፤ ሌላው ጠብታው እሳት ነው ብሎ ይጮኻል። ኢንጂነር አስናቀ ይህን ክርክር እዘጋዋለሁ ብሎ ተነሳና ሁለት ዓመት ለፍቶ ዝናቤን ሠራት። ውሃዋ ከታጣቢው ገላ ሙቀት ጋር በየሰከንዱ ይስተካከላል፤ አይበርድም፣ አያቃጥልም። ጠባይዋን ደግሞ ከሰው ቤት አመጣው፤ ፈቃደኛ በሆኑ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ እንግዳ ሲስተናገድ የተቀዳ ዘጠኝ ሺህ ሰዓት ድምፅ አሰማት። እንክብካቤን እንደኛ የሚያውቅበት ሕዝብ የለም እያለ ደረቱን ይነፋ ነበር። ዝናቤ በታማሚ ላይ ስትፈተን ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አስናቀ ቁርሱን አልበላም፤ ምንታምርም ብትሆን ያንኑ ፎጣ ሦስቴ አጥፋዋለች።

ጋሽ በዳሳ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። ከመሬት ሆድ እንፋሎት እየሳበ ለከተሞች መብራት በሚሰጠው ጥልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጠጋኞችን በብረት ሳጥን ወደ ታች የሚያወርደውንና መልሶ የሚያወጣውን ማሽን ሲዘውሩ ኖረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ከጠጋኞቹ አንዱ የነበረው ጓደኛቸው ከፍያለው እዚያ ውስጥ በእንፋሎት ተቃጥሎ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ጥሏቸው ሄዷል። ምን እንደተፈጠረ ለሚስታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። በር ከፋች ደግሞ ለአንድ ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ቢደገም ልብ ያቆማል። እጃቸው ላይ የታሰረው አምባር የልባቸውን ምት ይቆጥራል፤ በደቂቃ መቶ ስድሳ ከደረሰ በራሱ መርፌ ወግቶ ያስተኛቸዋል። ከተኙ የተከፈተው በር ይዘጋል፣ እሳቸውም ሸክማቸውን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

አራት ሰዓት ላይ ፍርሃቱ መጣ። ጋሽ በዳሳ ከፍራሹ ተነስተው ግድግዳውን በሁለት እጃቸው ይገፉ ጀመር። ጉድጓዱ እየጠበበ ነው፣ አየር የለም አሉ። አምባሩ መቶ ሠላሳ ይላል። ምንታምር ክንዳቸውን ደግፋ፣ በቁምጣ እንደሆኑ፣ ዝናቤ ሥር ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

ውሃው ወረደ። መቶ ሠላሳው መቶ ሃያ ሆነ፣ ከዚያ መቶ ዐሥር። የጋሽ በዳሳ ትከሻ ረገብ አለ። ከመስታወቱ ጀርባ የቆመው አስናቀ ደስታው አላስቆም ብሎት ጭኑን በጡጫው መታ። ምንታምርም ሳቋ መጣባት፤ ሰባት ዓመት የተከራከሩበት ነገር ዓይኗ ሥር መልስ እያገኘ ነበር።

«እጄ የታለ?» አሉ ጋሽ በዳሳ በድንገት።

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ነገር ግን ውሃው ከገላቸው ጋር ልክ ስለሆነ፣ ቆዳቸው የት እንደሚያበቃና ውሃው የት እንደሚጀምር ጠፍቷቸዋል። እየሟሟ እንዳለ ስኳር ነው የሆኑት። እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብለው «በቃኝ» አሉ።

«ኧረ ምን ነካዎት! ገና ምኑን ታጠቡና» አለች ዝናቤ፣ ውሃውንም ጨመረችው።

«በቃኝ አልኩ እኮ፣ የኔ እመቤት።»

«በሞቴ! አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ለኔ ሲሉ።»

ሞት የሌላት ማሽን በሞቴ አለች። ቢሳቅበት የሚያስቅ ነገር ነበር፤ ጋሽ በዳሳ ግን ቃሉን ሲሰሙ ጆሯቸውን ይዘው እሪ አሉ። አምባሩ መቶ አርባን ዘለለ። ምንታምር ዝናቤን አቁሚ ብላ ተቆጣቻት። ዝናቤ «ተዪ አንቺ ደግሞ፣ እንግዳ ናቸው፣ አፍረው ነው» ብላ መለሰችላትና ውሃውን አበረታችው። ይህችን መልስ ምንታምር ታውቃታለች። አክስቷ ሁለተኛ ጭልፋ ወጥ ስትጨምር የምትላት ናት፤ እሷም ራሷ በየበዓሉ ብላታለች።

አስናቀ መስታወቱን እየደበደበ ማሽኗ እስክትጠፋ አራት ደቂቃ እንደሚፈጅ ነገራት። አምባሩ መቶ አምሳ ሦስት ይላል፤ አራት ደቂቃ ከየት ይመጣል? ምንታምር በልብሷ ውሃው ውስጥ ተንበረከከች፣ የወለሉን ክዳን ነቅላ ጣለችና የዋናውን ቧንቧ መዝጊያ በባዶ እጇ ጠመዘዘችው። መዳፏ ተላጠ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ቆመ።

ምቱ ግን አልወረደም። መቶ አምሳ ሰባት።

ጥግ ላይ ለወለል ማጠቢያ የተቀመጠ ባልዲ ነበር፣ ከነጆጉ። ምንታምር ጎትታ አመጣችውና እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ውሃ ይዛ ፊታቸው መሆን ብቻ ነው የታያት።

«ጋሽ በዳሳ፣ እጅዎን ላስታጥብዎ። ሲበቃዎ በቃ ይበሉኝ፣ አቆማለሁ።»

ቀዝቃዛው ውሃ ጣታቸውን ሲነካው ደነገጡ። መቶ አምሳ ስምንት። «በቃ!» አሉ። ጆጉን ቀጥ አድርጋ ያዘችው፤ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ትክ ብለው አዩዋት። ያላመኑ ይመስል እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። አፈሰሰች። «በቃ» አሉ፣ ገና ሳይነካቸው። አቆመች። ደግመው ዘረጉ፣ ደግመው በቃ አሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ምንታምር አልቆጠረችም፤ አምባሩ ግን መቶ አርባ፣ መቶ ሃያ፣ ዘጠና ስምንት እያለ ወረደ። ጋሽ በዳሳ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያዩ የራሳቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ተናገሩ።

«ከፍያለው ከታች ሆኖ በሬዲዮ፣ ሙቀቱ በቃኝ፣ ሳበኝ አለኝ። ሲያካብድ መሰለኝ። በሞቴ፣ ሩብ ሰዓት ብቻ፣ ጨርሳትና እስብሃለሁ አልኩት። ሁለተኛም በቃኝ አለኝ፤ ትንሽ ታገስ አልኩት። ሦስተኛ አላለኝም።»

ምንታምር ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አላለቻቸውም። እንባዋ እየወረደ እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ በዳሳም አለቀሱ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወጣላቸው ልቅሶ ነበር። ሲበቃቸው በፎጣ ተጠቅልለው እዚያው ወንበር ላይ ተኙ። አምባሩ አልወጋቸውም፤ እንቅልፉ የራሳቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስናቀና ምንታምር እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደ ልጅ ወሬ ይሻሙ ጀመር። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል። የውሃው ሙቀት አይደለም! ልኩም አይደለም! ሻወር የሚያረጋጋው ታማሚው ራሱ ማቆም ሲችል ነው፤ ሁለት ዓመት የለፋሁት ወዲያ ነገሩ ወዲህ፣ እያለ አስናቀ በራሱ ሳቀ። ማስተካከያው ከአንድ ትእዛዝ አይበልጥም፤ በመጀመሪያው በቃኝ እንድታቆም ማድረግ። ይህን ጽፎ ዝናቤን መልሶ አስነሳትና፣ ለመዝገብ ያህል፣ ጠዋት ለምን እንዳላቆመች ጠየቃት።

«ባሰማኸኝ ድምፅ ውስጥ አርባ ሺህ ጊዜ በቃኝ ተብሏል» አለች። «በመጀመሪያው ያቆመ አስተናጋጅ ግን አልሰማሁም። እንክብካቤ ማለት አለማቆም መስሎኝ ነበር።»

«ከአርባ ሺው ስንቱ የእውነት ነበር?» አላት አስናቀ።

«አላውቅም። አቁሞ ያየ ስለሌለ ልለካው አልቻልኩም።»

ማሽኗ አልተሳሳተችም፤ ያስተማሯትን ነው የተማረችው። ምንታምር በስንት ሰው ሳህን ላይ እንደጨመረች፣ ስንቱን ደክሞኛል ባይ ትንሽ ቆይ እንዳለች አሰበችና ፊቷ ጋለ።

ከወንበሩ ላይ ድምፅ መጣ። ጋሽ በዳሳ ነቅተዋል፤ ለካ ከመጀመሪያው እየሰሙ ነበር።

«እንግዲያው ከእኔ ጀምረሽ ቁጠሪ» አሏት ዝናቤን። «የኔ የእውነት ነበር።»



«አንድ» አለች ዝናቤ።

«የከፍያለውንም ጨምሪበት።»

«ሁለት።»