ከመኪናው ፊት የምትሄደው ነጠላ

ጠጋ ጠጋ በሉ እስቲ። በሩንም መልሱት። ውጭው ዓይን ቢወጉ አይታይም፤ ነገሩ የሆነውም እንዲህ ባለ ጨለማ ነው። ያኔም ጨረቃ የለችም። ያኔም ዝናቡ አባርቶ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል። ሰዓቱ ሰው ሁሉ አንደኛውን እንቅልፍ የጨረሰበት፣ ውሻ እንኳ መጮህ የሰለቸው ሰዓት። መንገዱ ከአንዲት መንደር ወጥቶ ወደ ከተማ የሚወርድ፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል። ቤት የለ፣ ሰው የለ።

በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው መኪና ይነዳል። መኪናዋ መብራት የላትም።

ምን ሊሠራ ወጣ? አትሉኝም?

ስሙ ድንበሩ ነው። ድሮ ነው እንግዲህ፤ በመንደሩ መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበር። መኪና ከተባለች! አሮጌ ናት፣ አንዱ በሯ በገመድ የታሰረ፣ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ጆንያ ለመጫን ሲባል ተነቅሎ የተጣለ። በገበያ ቀን ሰውም፣ ዶሮም፣ በርበሬም ጭና ትንፏቀቃለች። የፊት መብራቷ ግን ከተገዛች ጀምሮ የራሱ አመል አለው። ሲፈልግ ይበራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ጉድጓድ ስትረግጥ ይጠፋል፣ ሌላ ጉድጓድ ስትረግጥ ይበራል።

«ጋራዥ ውሰዳት እንጂ» ይሉታል ጎረቤቶቹ።

«እኔን ማታ ምን አስነድቶኝ?» ይላል።

ሚስቱ እማዋይሽ ስትጨቀጭቀው ደግሞ «ነገ» ይላታል። ነገ፣ አሁንም ነገ። እናንተዬ፣ የወንድ ነገ መቼ ያልቃል?

ታዲያ በዚያ ሌሊት እማዋይሽን ምጥ ያዛት። ያለ ወሯ ያዛት። ስንት ስለት ተገብቶ የተገኘ ፅንስ መሰላችሁ! አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰች፣ ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። ድንበሩን ወደ ውጭ ጠርታ፦

«ልጁ ተጋድሟል። ከእኔ አቅም በላይ ነው። ሳይነጋ ሐኪም ቤት ካላደረስካት ሁለቱንም ነው የምታጣቸው» አለችው።

ሁለቱንም! ሰው ይህን ሰምቶ መብራት አለ የለም ይላል?

እማዋይሽን ከኋላው ወንበር ላይ አስተኟት። ታላቅ እህቷ ስንዱ ራስጌዋ ላይ ተጣብቃ ተቀመጠች። ይህች ስንዱ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። ለቅሶ ቤት እንኳ ወሬዋን ይዛ ነው የምትገባው። መኪናዋ ተነሣች። መብራቱም በራ። ድንበሩ «ተመስገን» አለ።

ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ጎማው ጉድጓድ ነካ። መብራቱ እልም!

ድንበሩ ወረደ። ስንዱም ክብሪት ይዛ ወረደች። እሷ ትጭራለች፣ እሱ ይጎረጉራል። መጀመሪያ ፊውዙን ነቀለ። ተቃጥሏል። ከኪሱ ሲጋራ አወጣና የፓኮውን ብርማ ወረቀት ቀዶ ፊውዙ ላይ ጠቀለለው፤ ሾፌሮች ሲቸግራቸው የሚያደርጉት ነው። መልሶ ሰካው። ማብሪያውን ተጫነ። ምንም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ሽቦውን ነካካ፣ ጎተተ፣ ገፋ። ምንም። አምፖሉን አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ እፍ አለበት፣ መለሰው። ምንም!

«ድንበሩዬ… ኧረ ድንበሩ…» ትላለች እማዋይሽ ከውስጥ።

«መጣሁ፣ መጣሁ ሆዴ!»

«ስንት ቀን ነግራህ ነበር!» ትለዋለች ስንዱ። «ለፂምህ መስታወት ስትገዛ፣ ለዚች ሽቦ መግዛት አቃተህ?»

«እት ስንዱ፣ በእናትሽ አሁን ተይኝ!»

በንዴት መብራቱን በቡጢ መታው። ቦግ!

ያን ጊዜ፣ እታች ኩርባው ላይ፣ አንድ ነጭ ነገር ቆሞ አየ።

እልም አለ።

«እት ስንዱ፣ እዚያ ማዶ ሰው አለ?»

«የምን ሰው? በዚህ ሌሊት ከእኛ በቀር ማን ያበደ አለ?»

ደግሞ መታው። ቦግ! ነጩ ነገር ቀርቧል። ከኩርባው ወዲህ ነው። ሲሄድ ግን አላየውም። እልም አለ። ድንበሩ እጁን ሰበሰበ። አልመታም ብሎ ነበር፣ ግን ምጡስ? ሚስቱስ? ዓይኑን ጨፍኖ መታው። አሁን ጭራሽ አልበራም። ቢመታ፣ ቢመታ፣ ጣቶቹ እስኪደሙ ቢመታ አልበራም። ክብሪቱም አለቀ።

እማዋይሽ የጮኸችውን ጩኸት ተራራው መልሶ ጮኸው።

«በቃ ግባ!» አለች ስንዱ። «እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። ነጠላዬን እያየህ ተከተለኝ።»

መብራት የጠፋበት ሾፌር ምን ያደርጋል? ነጭ የለበሰ ሰው ከፊቱ ያስኬዳል፣ ነጩን እያየ ይሄዳል። የአገሩ ዘዴ ነው። ስንዱ ነጠላዋን በጀርባዋ ዘረጋችና ፊት ፊት ሄደች። ድንበሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ዓይኑን ከነጩ ላይ ሳይነቅል፣ በእግር ፍጥነት ተከተለ።

«ወደ ቀኝ! ድንጋይ አለ! ኧረ ቀስ፣ ልትድጠኝ ነው እንዴ አንተ ሰው!» ትለዋለች።

ምላሷ እንዳያርፍ የፈጠራትን ጌታ ድንበሩ ያን ሌሊት አመሰገነ። ሄዱ። ሄዱ። ሄዱ።

ከዚያ ስንዱ ዝም አለች።

ስንዱ! ዝም! ሰማችሁኝ?

ድንበሩ መጀመሪያ እፎይ አለ። ደክሟት ነው አለ። ነጩ ከፊቱ ይሄዳል፣ እሱም ይከተላል። ግን አካሄዱ አልጥምህ አለው። ስንዱ ስትሄድ ወዲህ ወዲያ ትላለች፣ ጭቃው ያንሸራትታታል፣ ትሳደባለች። ይህኛው አይንሸራተትም። ውኃ ላይ እንደሚሄድ ቅጠል ነው የሚሄደው።

«እት ስንዱ! ቀኙን ነው ግራውን?»

ጥሩምባውን ነፋ። አልዞረችም። ዓይኑን አጥብቦ አየ። ነጠላው በጀርባ የተዘረጋ አይደለም። ጥለቱ ወደ ላይ ተዘቅዝቆ ትከሻ ላይ ነው ያለው። ሴቶች፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ነጠላ እንዲያ የሚለበሰው መቼ ነው? ሰው ሲሞት ነው! ስንዱ ደግሞ ሰው አልሞተባትም።

ያን ጊዜ እማዋይሽ ከኋላ፣ በጣር ድምፅ፦

«ድንበሩ… እህቴን ምነው ጥለሃት መጣህ? ከኋላ እየጠራችን እኮ ነው።»

ጆሮውን ጣለ። እውነትም ከሩቅ፣ ከኋላ፦ «ድንበሩ! ኧረ ቁም! ጫማዬ ተበጥሶ ዳር ወጥቼ ጎንበስ ብል ጥለኸኝ ሄድክ! ቁም!»

ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ተንገጫገጨች። መብራቱ ቦግ!

መንገድ የለም። ከጎማው ፊት መሬት አልቋል። ብርሃኑ ገደሉ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ነጠላዋ ግን ቆማለች። የት? እማዶ፣ አየር ላይ፤ ምንም ሳትረግጥ።

እልም አለ።

ድንበሩ ያኔ ያለበትን አወቀ። አሮጌው መንገድ ነው። ክረምት ንዶት ገደል የገባው፣ አዲሱ መንገድ በላዩ የተቆረጠለት። የዚያን አሮጌ መንገድ ነገር በመንደሩ የማያውቅ የለም። መንገዱ ሳይናድ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት እዚያ ዳር ተቀምጣ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ለምናለች። ሁሉም «ሞልቷል» እያለ አለፋት። ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ለልጇ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ቀጥላ ሞተች። መንገዱ ሲናድ ማን ይንገራት? እሷ ዛሬም ወደ ሐኪም ቤት የምትሄደው በሞተችበት መንገድ ነው።

ድንበሩ የኋላ ማርሽ ሊያስገባ ታገለ። ማርሹ እንቢ አለ። ሞተሩም ጠፋ። ጸጥታ።

ከዚያ በመስኮቱ ላይ፣ ኳ… ኳ…

«ቦታ አለ?»

የሴት ድምፅ ነው። ደክሟታል እንጂ አልተቆጣችም። ቦታ አለ? ያለው ቦታ የስንዱ ነው፣ እማዋይሽ ራስጌ። ከምታምጥ ሚስቱ ጋር ሊያስቀምጣት ነው እንዴ? ደግሞ የሾፌር አፍ አይደል? ሳያስበው፦

«ሞልቷል!» አለ።

ወይ ድንበሩ! ምነው ምላስህን በቆረጠው!

ወዲያው እማዋይሽ መጮህ አቆመች። ድንበሩ ዞሮ ቢዳብሳት እጇ ቀዝቅዟል፤ ትንፋሿ ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው።

«እንግዲያው አንድ ሰው ይውረድ» አለች ያቺ ሴት።

ምን ያድርግ? እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አለቀሰ። ለመናት። «ልጄን አትንኪብኝ፣ ሚስቴን አትንኪብኝ» አላት። መስኮቱ ላይ ትንፋሽ ብቻ። ያን ጊዜ ድንበሩ እጁን ከመሪው አነሣ። በገመድ የታሰረውን በር ፈታ።

«የእኔ ቦታ አለ» አላት። «በእኔ ቦታ ግቢ። ብቻ አድርሻቸው።»

ወረደ።

ይህን የነገረችን እማዋይሽ ናት። መብራቱ ሁለቱም ዓይን እንደ ፀሐይ ቦግ ብሎ በራ ብላለች። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ዞረች፣ መንገዷን ያዘች። በሾፌሩ ወንበር ላይ ነጠላዋን የዘቀዘቀች ሴት ነበረች፤ መሪውን ግን አልያዘችም፣ እጇን ጭኗ ላይ አጥፋ ታለቅስ ነበር አለች። ከተማው ሲቃረብ አንዴ ብቻ ሳትዞር፦ «እትዬ፣ አይዞሽ፣ ደርሰናል» አለቻት።

የሐኪም ቤቱ ዘበኛ በበኩሉ መኪናዋ በሩ ላይ ስትቆም ሾፌር የሚባል አላየሁም ይላል። ሐኪሞቹ ተረባርበው አዋለዷት። ሴት ልጅ። እናትም ልጅም ተረፉ። ሕፃኗ እንዳለቀሰች ውጭ የቆመችው መኪና መብራት ጠፋ።

ሲነጋ መካኒክ ጠርተው አሳዩት። መብራቱን ፈታና ራሱን ነቀነቀ። ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ በዝገት ተበልቶ ለሁለት ተቆርጧል። «ይህ መብራት በዚህ ሽቦ ይህን ሁሉ መንገድ በራ ብትሉኝ አላምንም» አለ። ድንበሩ ፊውዝ ቢጠቀልል፣ አምፖል ቢጠርግ ምን ሊረባው ኖሯል! አያችሁ፣ የጋራዥ ግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

ድንበሩስ?

ስንዱ መኪናዋ በየት እንዳለፈቻት ሳታይ፣ ባዶ እግሯን እየሮጠች ገደሉ ጫፍ ደረሰች። መኪና የለም። ድንበሩ የለም። ጭቃው ላይ ከመኪና የወረደ የወንድ ኮቴ አለ፣ ወደ ገደሉም ወደ መንገዱም አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል። አገር ወጥቶ ገደሉን እስከ ወንዙ ድረስ ፈለገ። ሬሳ እንኳ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ማታ መብራት የጠፋበት ሾፌር ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው። አንድ ሰው ከጨለማው ይመጣል። ጎንበስ ይላል። ሽቦውን ነካካ፣ እፍ አለበት፣ በቡጢ መታው ይላሉ። መብራቱ ይበራል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ይመጣል። ሚስቱ ከተማ ናት፣ ልጁ ከተማ ናት፤ አላያትም እኮ ልጁን! በደማ ጣቱ መስታወቱን ያንኳኳል።

እንግዲህ ልጆቼ፣ መብራታችሁን በቀን አሠሩ። በጨለማ የሚመራችሁን ሰው አስወሩት፤ ዝም ካለ አትከተሉት። በዚያ መንገድ ከመጣችሁ ደግሞ አንድ ወንበር ባዶ ተዉ።

ባዶ ካልተዋችሁ፣ ማንኛችሁ ነው የሚወርደው?