የማያጣብቅ ስኳር

ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ አንገቱን ወደ ጎን ጥሎ ሞቷል። ዕድሜ ልኩን ስለ ስኳር በሽታና ስለ ውፍረት ሲያጠና ኖሮ፣ ሐኪሙ እንዳለው የራሱ ስኳር ወርዶ ገደለው። ወይ አለመታደል! ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከእጁ ከወደቀው ብርጭቆ የፈሰሰው መጠጥ ወለሉ ላይ ደርቋል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ያልገባት ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። ገና ከቢሮው በር ስትገባ የሟቹ ምክትል ተመራማሪ ተቀበላት።

«ምሳውን አምጥታ ኢንሱሊኑን የወጋችው ባለቤቱ ናት። እጇ ስቶ አብዝታበት ይሆናል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሚስትየው ሰማችው። «በገዛ እጄ ገደልኩት ማለት ነው?» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። አንዱ ፖሊስ ካቴናውን ሲያወጣ መርማሪዋ በእጇ አስቆመችውና ወደ ምክትሉ ዞረች።

«ቆይ እስቲ! ከዚያስ ምን ሆነ?»

«ላብ ሲያጠምቀው፣ ለክፉ ቀን መሳቢያው ውስጥ ከሚያስቀምጠው የስኳር ውኃ ቀዳሁለት። አልደረሰለትም» አለ ምክትሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች ወይዘሮ ለምን። ተንበርክካ የደረቀውን በጓንቷ ነካችው። አያጣብቅም። ጉንዳኖችም የብስኩት ፍርፋሪ ተሸክመው በላዩ ያልፋሉ እንጂ ዞር ብለው አላዩትም።

በሩ አጠገብ የቆመችውን የጥናቱን ነርስ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። «ስኳር የሌለው ጣፋጭ መጠጥ አላችሁ እንዴ?»

«አለ እንጂ። ከየብሔረሰቡ ለጥናቱ ከሚመጡት ግማሾቹ የስኳሩን፣ ግማሾቹ የውሸቱን ይጠጣሉ። ጣዕሙ አንድ ነው። እንዳናዳላ ተብሎ የትኛው የቱ እንደሆነ እኔም ሟቹ አለቃችንም አናውቅም። ምክትሉ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ተጣልተው ነበር?»

«ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር። ምክትሉ ዝና ያተረፈው "የእነዚህ ሰዎች በሽታ ከዘራቸው ነው" ብሎ ጽፎ ነው። አለቃችን ደግሞ ገበታቸው ሲስተካከል ልዩነቱ ጠፋ፣ ነገ አስታውቃለሁ አለ።»

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እህቴ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው። መውጊያውን አይቼዋለሁ፤ መጠኑ ልክ ነው። የጎዳው ከመድኃኒቱ በኋላ አለመብላቱ ነው። ታዲያ በክርክር ይዞ ምሳ የከለከለው ማነው? እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር። ስኳሩ ሲወርድም የቀዱለት የውሸቱን ነው። ነርሷ የመሳቢያውን ጠርሙስ በውሸቱ ልለውጥ ብትል የቱን እንደምታነሣ አታውቅም፣ ዕጣ መጣል ሊኖርባት ነው። ገዳይ ደግሞ ዕጣ አይጥልም። አውቆ ሊለውጠው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ምክትሉ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ያ ጥናት ከወጣ እኔ ማን ነኝ?» አለ።

ሚስትየው ቀረበችው። ስንት ጊዜ ቤቷ አብልታዋለች! «ምንም አላለህም?» አለችው።

«"ጨምርልኝ" አለኝ።»

«አንተስ?»

«ጨመርኩለት።»