ሻለቃው ባሩድ ቤት ውስጥ

ሻለቃ ላቬርኝ ቦት ጫማውን እንዳደረገ መሞቱን ልብ ያለው ሰው የተገኘው አስከሬኑ ከታጠበ በኋላ ነው። እስከዚያ የባሩድ ቤቱ ጠባቂ ሃምሳ አለቃ ቲሶ ታስሮ፣ ነገ እንዲረሸን ታዝዞበታል። የጦሩ መሐንዲስ ላቬርኝ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ የተገኘው በባሩድ በርሜሎቹ መካከል ነበርና።

«ማን ፈረደ?» አለ መርማሪው ሻምበል ሮክላን።

«ኮሎኔል ብሬሞን» አለች ኦዲል፣ በጦር ሰፈሩ ወይን የምትሸጠው የቲሶ እናት። «አንድ ቃል ሳይጠይቁት። ድሮም ብያለሁ፣ ልጄን የሚፈጀው ባሩዱ ሳይሆን ሰው ነው።»

«እማማ፣ የሟቹን ጫማ ማን አወለቀ?»

«እኔ ነኛ፣ ሳጥበው። የሶሉ ምስማር እጄን ቧጨረኝ።»

ሮክላን ባሩድ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደ ደንቡ ጫማውን አውልቆ ገባና ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ።

«ሳንቃው አዲስ ነው?» አለው የሟቹን ምክትል፣ መቶ አለቃ ጊላርን።

«ሻለቃው የሞተ ዕለት ጠዋት የቀየርነው ነው።»

ማምሻውን የባሩድ ቤቱ ቁልፍ የነበራቸው ሦስቱ፣ ቲሶ፣ ጊላርና ኮሎኔሉ፣ ተሰበሰቡ። ኦዲልም ሳትጠራ ገባች።

«ለአንድ ግንብ ለካኪ ይህ ሁሉ ጉባኤ?» አለ ብሬሞን።

«ሃያ ዓመት በሠራው ድልድይ ተሻግረዋል፣ ጌታዬ» አለ ሮክላን፤ ድምፁ ሻክሯል። «ብረት ብልጭታ ስለሚያወጣ ማንም መሐንዲስ በምስማር ጫማ ባሩድ ቤት አይገባም። ላቬርኝ ግን ጫማውን አድርጎ ተገኘ። ስለዚህ የተገደለው ውጭ ነው፤ ተሸክመው አስገቡት። ከበሩ እስከ አስከሬኑ ድረስ አዲሱ ሳንቃ በምስማር ተጭሯል። የሞተ ሰው አይራመድም፤ የተራመደው ተሸካሚው ነው። ቲሶ ወይም ጊላር ቢሆኑ ኖሮ የሟቹንም የራሳቸውንም ጫማ ደጅ ያወልቁ ነበር። ቁልፍ ይዞ ደንቡን የማያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ለምን ብዬ?»

ጊላር ጥርሱን ነከሰ። «ላቬርኝ የከበብነው ምሽግ ግንብ ሳይፈርስ ወታደር አላስፈጅም ስላለዎት። እሱ ካልፈቀደ ጄኔራሉ ጦር አያዘምቱም። እርስዎ ደግሞ ቀድመው ገብተው ሊሾሙ ቸኩለዋል።»

«በእሱ ጥንቃቄ እዚህ ልንሸብት ነበር» አለ ብሬሞን። «አንዴ ብቻ ነው የመታሁት።»

«አንዴ?» አለች ኦዲል። «ለልጄ ግን አሥራ ሁለት ጠመንጃ አሰለፍክለት።»

ሰንሰለቱ ከቲሶ እጅ ወልቆ ኮሎኔሉ እጅ ላይ ታሰረ። ወደ እስር ቤቱ ሲወስዱት ኦዲል ተከተለች።

«ዘበኞቹ የእሱ ሰዎች ናቸው። ቢለቁትስ?»

ሮክላን ዘበኞቹን በጊላር ሰዎች ቀየራቸው። በሩን ቆለፈ። ኦዲል በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፤ አልተነቃነቀም።