ሰማያዊ ውሃ የበላው ቀለበት

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፥ በወርኃ መስከረም፥ የዓባያ ሐይቅ በክረምቱ ጎርፍ ቀልቶ ሳለ፥ አርባ ምንጭ ከተማ ማቅ ለብሳ ነበር፤ በዋና ከተማው ዳርቻ ሸምነው ያድሩ ከነበሩት የጋሞ ልጆች መካከል በግፍ የተገደሉ ነበሩና። ከሟቾቹ አንዱ የኦቾሎው ሀገር ሽማግሌ የሀላቃ ካሱ የበኩር ልጅ ጌዲዮን ነበረ።

አስከሬኑን ያመጡት ሰዎች ከጣቱ የወለቀውን የመዳብ ቀለበት ለእናቱ ለወይዘሮ ሻሺቱ ሰጧቸው፤ የሽመና መወርወሪያው ዘመኑን ሁሉ ሲታከከው ኖሮ አንድ ወገኑ ሳስቶ ተሰንጥቋል። በቀብሩ ማግሥት ወይዘሮዋ ቀለበቱን ይዘው ወደ ከተማው ሲቀላ ሰፈር ወረዱ፤ ታናሹ ልጃቸው ዕዝራ በዚያ ዕቃን በኮረንቲ መዳብና ብር የሚያለብስ ባለሙያ ነበረና።

«ልጄ፥ ሳይሰበር አወፍርልኝ፤ እስክሞት ከጣቴ አላወልቀውም» አሉት።

«እሺ፥ እማዬ። ከቀትር በኋላ ይምጡ።»

ሥራው ለእርሱ ቀላል ነበር። የመዳብ ጨው በሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ውስጥ በአንድ በኩል የመዳብ ዘንግ፥ በሌላው በኩል ቀለበቱ ይንጠለጠላል፤ ዘንጉ ከባትሪው ፖዘቲቭ፥ ቀለበቱ ከኔጌቲቩ ይታሰራል፤ ኮረንቲው ሲያልፍ ዘንጉ እየሟሟ ቀለበቱ ይወፍራል። ገመዱ ከተገላበጠ ግን ሰጪው ተቀባይ፥ ተቀባዩም ሰጪ ይሆናል። ይህን ዕዝራ በእንቅልፍ ልቡም አይስተውም ነበር፤ ምን ይሆናል፥ ንዴት የለመደ እጅንም ያሳስታል!

«ወንድምህ አፈር ገብቶ አንተ ውሃ ትጠብቃለህ?» ሲል ዳግም የሚባለው ጎረቤቱ ከደጅ ጮኸበት። ጎረምሶች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ ሊያቃጥሉ የተነሡትም የገዳዮቹ ወገን ከመባሉ በቀር ምንም ያልበደለ ሰው ቤት ነበረ። ዕዝራ ዐይኑን ከደጁ ሳያነሣ ገመዶቹን አሰረና የቤንዚን ጀሪካን አንሥቶ ተከተላቸው።

ብዙም ሳይርቁ ሽማግሌዎችን እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከው አገኟቸው። ከፊት አባቱ ነበሩ።

«አባቴ፥ እርስዎም? የጌዲዮን ደም እንዲሁ ይቅር?»

«ልጄን ትናንት ቀብሬአለሁ» አሉ ሀላቃ ካሱ፥ ቀና ብለው። «ዛሬ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ አታስቀብረኝ። ይህን ሣር ከተሻገርህ ጎሜ ነው፤ ምድር አትቀበልህም።»

በጋሞ ምድር ጎሜ የተባለውን እርም ፈርቶ፥ በእርጥብ ሣር የተለመነ ሰው እግሩን አያነሣም። ዕዝራ ጀሪካኑን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ጎረቤቱ ዳግምም አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

እናቱ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁት ነበር። ሽቦውን ከውሃው ሲያወጣ ከቀለበቱ የቀረው ሽቦው አንቆ የያዘው ቁራጭ ብቻ ነበረ፤ ዘንጉ ግን አዲስ መዳብ ለብሶ ወፍሯል። ገመዱን አየ፤ ተገላብጧል።

«እማዬ፥ በገዛ እጄ አጠፋሁት።»

ወይዘሮ ሻሺቱ ቁራጩን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። ኋላ «ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁት።

«ዘንጉ ላይ ነው። ላይ ላዩን የለበሰው የጌዲዮን ቀለበት ነው።»

የአንገታቸውን የናስ መስቀል ፈቱና «እንግዲያስ ወደዚህ መልስልኝ» አሉት።

ዕዝራ ገመዱን አሰረ፤ ደግሞ አየው፤ ደግሞም ዳሰሰው። መስቀሉ ቀስ በቀስ ቀላ። አጥቦ ሲሰጣቸው እናት በጣታቸው የቀለበቱን ክብ ፈለጉበት፤ ከዚያ በቀብሩ ዕለት ያልወጣ ዕንባ ወጣቸው።

«መዳቡስ ተመልሷል» አሉ፤ «ልጄ ጣቱን ያስገባበት ግን የለም።»

ዘመን የዚያን ቀን ሣር አልረሳም፤ የሽማግሌዎቹ መንበርከክ በሀገር ሁሉ ተወራ፥ ተመሰገነም፤ ይገባዋልም። ከተንበረከኩት አንዱ ልጁን በቀበረ ማግሥት እንደመጣ ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያውቁት፤ ስለ ቀለበቱማ የጠየቀም የለ። ወይዘሮ ሻሺቱ ዛሬም ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ጣታቸው ቀዩን መስቀል ይዞረዋል።