ለነፊው ማን ይነፋለታል?

«ጥሩምባውን ስጪኝ» አሉ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ኩምሳ። «ዛሬ አይነፋም ብያለሁ!»

ድንቅቱ ጥሩምባውን ነጠላዋ ውስጥ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። የአያቷ የአስር አለቃ መገርሳ ሬሳ ሣጥን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፍትሐቱ አልቋል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ባሻገር፣ ወደ ተጂ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ወታደር የጫኑ መኪኖች ቆመዋል። በማስተር ፕላኑ ሰበብ ሰበታ ከታመሰች ወዲህ እዚያው ናቸው።

«ያለፈውን ወር ረሳሽው?» አሉ ኦቦ ኩምሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አልረሳችውም። አያቷ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ያን ቀን ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ ማረፋቸውን እንደ ወጉ በማለዳ ጥሩምባ አስታወቁ። የሰፈሩ ወጣቶች ግን ለሰልፍ የተጠሩ መስሏቸው ግልብጥ ብለው ወጡ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ጥይትም ተከተለ፤ የአስረኛ ክፍሉ ጋሮማ እግሩን ተመታ። ሽማግሌው ጥሩምባውን ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ እስኪሞቱ አልነኩትም።

እንዲያ የሚወዱትን ጥሩምባ! በቀድሞው ጦር ሳሉ መላው ሻለቃ ጦር የሚነሣው፣ የሚበላው፣ የሚተኛው በእሳቸው ትንፋሽ ነበር። ጦሩ ሲበተን ሰፈሩን ጦር ሰፈር አደረጉት። ጠዋት የመነሻውን ጥሪ ሲነፉ ድንቅቱ ለትምህርት ቤት ትነሣለች፤ ባለሱቁ ከድሩም በሩን ይከፍታል። የድሮ ጓዶቻቸው ሲሞቱ የክብር ዘብ የሚልክላቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ያረጀ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሆለታም ይሁን ቡራዩ ድረስ በታክሲ ተጋፍተው ሄደው፣ የስንብቱን ጥሪ ይነፉላቸዋል።

«ለሁሉም ነፋሁ፤ ለኔስ ማን ይነፋል?» አሏት አንድ ቀን።

«እኔ ነኛ፣ አካኮ!» አለቻቸው የልጅ ልጃቸው።

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ማስተማር የጀመሩት ግን በማግስቱ ነው። «መጀመሪያ በከንፈርሽ ብቻ» ይሏታል። «ሳትሳሳቺ ስትጨርሺ ጥሩምባውን እሰጥሻለሁ።»

«ንፊው በቃ!» አለ አሁን ጉድጓዱ ዳር አጠገቧ የቆመው የክፍል ጓደኛዋ ሊቤ ጆሮዋ ሥር። «ቃል ገብተሽ የለ? ፋራ አትሁኚ!»

ድንቅቱ ቀና ስትል ጋሮማን አየችው። ክራንቹን ተደግፎ፣ ከለቀስተኛው መሀል፣ የአያቷን ሣጥን እያየ ቆሟል። ጥሩምባውን አውጥታ ለኦቦ ኩምሳ ሰጠች። ሊቤ በብስጭት ከንፈሩን መጠጠ።

ሣጥኑ መውረድ ሲጀምር ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ብላ ከንፈሯን አሞጠሞጠች። የመጀመሪያው ድምፅ ተሰበረባት። እንደገና ጀመረች። የስንብቱ ጥሪ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ላይ ቆየት አለና እየሳሳ ወረደ፤ ከአጥሩ ግን አላለፈም። ጥሪውን በየጓዶቹ ቀብር ከአያቷ የሰሙት ሰዎች ባርኔጣቸውን አነሡ። እስክትጨርስ አካፋ የነካ የለም።

ኦቦ ኩምሳ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ገላቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው እንደ ልጃቸው አመሰገኗትና ጥሩምባውን መለሱላት። «ደህና ቀን እስኪመጣ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።»

በማግስቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ አልነበረም። የከድሩ ሱቅ ተዘግቷል። ድንቅቱ ሚስማሩ ላይ መልሳ የሰቀለችውን ጥሩምባ ቀና ብላ አየችው፤ አላወረደችውም። በሩን ከፍታ ደጃፉ ላይ ቆመችና፣ ከንፈሯን አርጥባ የመነሻውን ጥሪ ጀመረች።

ማዶ የሱቁ ቆርቆሮ በር ሲንቋቋ ተሰማ።