ከቡራዩ የመጣ የኮከብ ዓሣ እንቁላል

ሞቱማ ጣቢታን እንደሚወዳት የማያውቅ ሰው ቢኖር ራሷ ጣቢታ ብቻ ናት። ሁለት ዓመት በቤተ ሙከራ አብሯት ሲሠራ ልቡ እየዘለለ አፉ ስለ ጨው መጠን ያወራል። ፈሪ አይደለም፤ ወኔው የሚከዳው እሷ ፊት ብቻ ነው።

በታኅሣሥ 2008 አንድ ማለዳ ከሰበታ ደወለችለት። እዚያ ላለው ቤተ ሙከራ በትውስት የመጣው ማይክሮስኮፕ ማታ ይመለሳል። እሱ ቡራዩ ሆኖ ቀለም ውስጥ የነከራቸው ስላይዶች ዛሬ ካልደረሱ የማስተርስ ጥናቷን ውሃ በላው። ግን በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ተዘግቷል።

«በእግሬም ቢሆን አመጣልሻለሁ» አላት።

ስላይዶቹ ላይ ያሉት ከባሕር ማዶ የመጡ የኮከብ ዓሣ እንቁላሎች ናቸው። እንቁላል ሲበስል ቅርጹን የያዙት የአክቲን ክሮች ፈርሰው እንደ አዲስ ይሠራሉ። ጣቢታ፣ ትእዛዙን የሚያደርስ አንድ መልእክተኛ ፕሮቲን አለ ባይ ናት። በእነዚህ እንቁላሎች ፕሮቲኑ ታግዷል፤ ክሮቹ ካልተነቃነቁ ልክ ነች። ክሮቹን የሚያሳየው ቀለም ደግሞ ፀሐይ ካየ ይደበዝዛል።

ከቡራዩ መውጫ መንገድ በድንጋይ የዘጉ ወጣቶች አስቆሙት። «ባኒ» አሉት፣ ሳጥኑን ክፈት ሲሉ። አጠገባቸው የነበሩት ባለጋሪው ሽማግሌ ኦቦ ሁንዴ ምን እንደያዘ ጠየቁት። እንቁላል ነው፣ ሰበታ ላለች ልጅ የማደርሰው ሲል ሁሉም ሳቁ።

«ምንህ ናት?» አሉት ኦቦ ሁንዴ።

«እጮኛዬ ናት። ይህ ፀሐይ ላይ ከተከፈተ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ። አደራዎን ኦቦ።»

ሽማግሌው ወጣቶቹን ገሠጹና ጋሪያቸው ላይ አሳፈሩት። በውስጥ ለውስጥ መንገድ እየተናጡ፣ ሠርጉ መቼ ነው እያሉ ሲጠይቁት፣ እሱም አንዱን ውሸት በሌላ እየሸፈነ ሰበታ ደረሱ።

ጣቢታ የቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማለች። ሞቱማ አፉን ሳይከፍት ኦቦ ሁንዴ ቀደሙት።

«እንኪ ልጄ፣ እጮኛሽን ከነእንቁላሉ አመጣሁልሽ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ጣቢታ ሳጥኑን ተቀብላ ጨለማው ክፍል ገባች፤ ይቅርታ ሊጠይቃት ተከተላት። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ፎቶውን አነሣችና ክሮቹ አልተነቃነቁም አለችው። ከደስታው ብዛት አቀፋት።

«ለኦቦ የነገርካቸውን ለእኔ ድገመው» አለችው፣ ከእቅፉ ሳትወጣ።

«መንገድ እንዲከፍቱልኝ ብዬ…»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«እወድሻለሁ። እጮኛዬ ሁኚ» አለ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ጣቢታ እጁን ይዛ ወጣች። ኦቦ ሁንዴ ፈረሳቸውን ውሃ እያጠጡ ነበር።

«ኦቦ፣ አባቴ እሑድ ከፋብሪካ ሥራው ያርፋል» አለቻቸው። «ሽማግሌ ሆነው ይመጡልናል?»